በአሥር ተከፍሏል

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ መካነ ሰላም

ይህን ደብተር ከመሥሪያ ቤት ነው የወሰድኩት። ሰርቄ አይደለም፤ ሽፋኑ ተቀዶ ጥግ የተጣለ ነው። ጡረታ ልወጣ ሰባት ወር የቀረኝ ሴት አንድ የተቀደደ ደብተር ብወስድ መንግሥት አይፈርስም። የማወራው ሰው ሳጣ የምጽፍበት ይሁን ብዬ ነው።

ዛሬ ከባንኩ ደብዳቤ መጣልኝ። ተላላኪያችን ጋሹ ከፖስታ ቤት ይዞት መጥቶ፣ እንደ መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ሁሉ የገቢ ማህተም ደብድቦበት፣ ቀኑን ጽፎበት አስረከበኝ። «የግሌ ነው እኮ አንተ!» ስለው «ወረቀት ወረቀት ነው እትዬ፣ ነገ መቼ ደረሰኝ እንዳይሉኝ» አለኝ።

ከፍቼ ሳነብ ደንግጬ ቀጥ አልኩ። «በስምዎ የተመዘገበው አክሲዮን ከጥቅምት 1 ጀምሮ በአሥር ተከፍሏል» ይላል። በአሥር ተከፍሏል! «ጋሹ፣ አክሲዮኔ በአሥር ተከፈለ!» ብዬ ጮህኩ። «እንኳን ደስ አለዎት፣ እትዬ» ብሎኝ ወጣ። ከዚያ መነጽሬን አስተካክዬ እስከ ታች ወረድኩ። ለካ የተከፈለ ገንዘብ የለም። የተከፈለው አክሲዮኑ ራሱ ነው፣ እንደ ዳቦ። የሺህ ብር የነበረው አንዱ አክሲዮን አሥር የመቶ ብር አክሲዮን ሆነ። አሥር ነበረን፣ አሁን መቶ አለን። ዋጋው ያው አሥር ሺህ ብር ነው። መቶ ብር ይዘሽ ሄደሽ በአሥር አሥር ብር ቢመነዝሩልሽ ሀብታም ሆንሽ ማለት ነው? ኪስሽ ወፈረ እንጂ! ሠላሳ ዓመት ወረቀት ሳነብ ኖሬ በአንዲት ቃል ተሸወድኩ። ብቻዬን ሳቅሁ።

«ነበረን» ያልኩት ከፈርሂያ ጋር ስለሆነ ነው። ፈርሂያ ገበያው አፍ ላይ ጨርቅ የምትሸጠው ናት። በሰባ ሰባት ከማሻ ተቀጥሬ ስመጣ የአባቷ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ተስቦ ጥሎኝ ሰው በሩን አልፎ ሲሄድ ገብታ ያጠበችኝ እሷ ናት። ከዚያ ወዲህ ባሌ አሰብ ሄዶ ቀረ፣ የእሷም ባል ሞተ፣ እኛ ግን አለን። በዘጠና አንድ ባንኩ አክሲዮን ሲሸጥ በአንድ ስም ከአሥር በታች አይቻልም ነበር። እሷ የስድስቱን አወጣች፣ እኔ የአራቱን። «ወለድ አልነካም፤ ይኼ ግን ንግድ ነው፣ ንግድ ደግሞ የእናት የአባቴ ነው» አለች። ስሟን ከመፈረም በቀር ፊደል ስለማትወድ በእኔ ስም ይሁን ተባለ። ውል አልጻፍንም። የአገሩን ውል ስመዘግብ የኖርኩ ሴት ለራሴ አንድ መስመር አልጻፍኩም።

የደብዳቤው ሁለተኛ አንቀጽ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ በአንድ ስም የሚያዘው ዝቅተኛ መጠን እንደ ድሮው አሥር አክሲዮን ነው። እስከ ዛሬ እሷ በስድስት፣ እኔ በአራት ለየብቻ መቆም አንችልም ነበር። አሁን እሷ ስድሳ፣ እኔ አርባ አለን። እንግዲህ መለያየት ይቻላል ማለት ነው።

ነገ እነግራታለሁ።


ኅዳር 5

አልነገርኳትም። ሱቋ ሰው ሞልቶት ነበር።


ኅዳር 7

ዛሬም የሠርግ ልብስ ገዢዎች ነበሩባት። ደብዳቤው ቦርሳዬ ውስጥ ነው። አይጠፋም።


እሑድ፣ ኅዳር 9

ምሳ ፈርሂያ ቤት። ልጇ ሀናን ሰባት ዓመት ጅዳ ከርማ መስከረም ላይ ተመልሳለች። ሰው ቤት ጉልበቷን ጨርሳ፣ አጥንቷ ቀርቶ ነው የመጣችው፤ ዓይኗ ግን ደፋር ሆኗል። ደሴ ላይ ሱቅ ተከራይታለች። ከሱቁ ጀርባ ሁለት ክፍል አለው። «እናቴን ይዤ ነው የምሄድ» አለች፣ እኔ ፊት፣ እንደ ቀላል ነገር።

ፈርሂያ ሳቀች። «ወላሂ መካነ ሰላምን ትቼ የትም አልሄድ! ሱቄስ? ደግሞ ከዓባይ ጋር የተሳሰርኩበት አለ፤ እሱ ለሁለት አይሰነጠቅ»

«ምኑ?» አለች ሀናን።

«አክሲዮናችን ነዋ። ወይ ሁለታችን እንሸጥ፣ ወይ ሁለታችን እንያዝ ነው ሕጉ። አይደል ዓባይዬ?»

ደብዳቤው ያለበት ቦርሳ ጉልበቴ ላይ ነበር። «ሕጉ እንደዚያ ነው የነበረው» አልኩ። ነበረው አልኩ እንጂ ነው አላልኩም። ስለዚህ አልዋሸሁም። በልጅ ፊት የገንዘብ ነገር ማንሳት ደግሞ ደስ አይልም። ቀን አለ።

ከሄደች በዚህ ከተማ «ዓባይዬ» የሚለኝ ሰው የለም። ይህን እንዲያው ነው የጻፍኩት፤ ከደብዳቤው ጋር አይገናኝም።


ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ቤተ ክርስቲያን ሳስቀድስ ሁሉንም ለሚካኤል ነገርኩት። ለፈርሂያ ግን አልነገርኳትም። ወይ አንቺ ሴት!


ኅዳር 25

ውርጩ ጉድ ነው። ጠዋት በርሜሉ ላይ ውሃው ጋግሮ ነበር። ሦስት ሳምንት ሆነ። አሁን ብነግራት «እስከ ዛሬ ምን ስትሠሪ ነበር?» ትለኛለች። መጀመሪያውኑ መናገር ነበረብኝ። ከአሁን በኋላ ግን ደሴ ስንሄድ መንገድ ላይ ብነግራት ይሻላል። ሁልጊዜ በታኅሣሥ የትርፍ ድርሻችንን ለመቀበል አብረን ነው የምንሄደው። እዚያ ባንኩ ራሱ ያስረዳታል፤ እኔም እንደ እሷ ያን ቀን የሰማሁ እመስላለሁ።

ምን ዓይነት ሰው ሆንኩ?


ታኅሣሥ 3

ፈርሂያ ደሴ አትሄድም። «ሱቁን ማን ይዞልኝ? አንቺው ተቀብለሽ ነይ» አለችኝ። ዓይኗን ከክንድ መለኪያዋ አላነሳችም። አሥራ ሦስት ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ቀርታ አታውቅም። ሀናን አጠገቧ ቆማ ነበር፤ ሰላምታዬን በጭንቅላቷ መለሰች።

የሥራ ብዛት ነው። የሠርግ ወራት እየመጣ ነው።


ታኅሣሥ 6፣ ደሴ

ብቻዬን መጣሁ። አቀስታ ላይ ቁርስ ስንወርድ ሁልጊዜ እሷ ጥብስ ታዛለች፣ እኔ ጾመኛዋ ሽሮዬን እየበላሁ በጥብሱ ሽታ እናደዳለሁ። «ሽታው አያስገድፍም፣ አሽትቺ» ትለኝ ነበር። ዛሬ የሚያናድደኝ አጥቼ ሽሮዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ። ጉጉፍቱ ደጋ ላይ ብርዱ ሲገባ በአንድ ጋቢ ነበር የምንጠቀለለው። ዛሬ ጋቢው በዛብኝ።

ባንክ ውስጥ አድማሴ የሚባል ጨዋ ሠራተኛ አስተናገደኝ። የድሮውን ወረቀት ተቀብሎ መቶ አክሲዮን የሚል አዲስ ወረቀት ሰጠኝ። «ደብዳቤያችሁን ማን ነው የጻፈው?» አልኩት። ሳቀ። «እማማ፣ እርስዎ ብቻ አይደሉም። ከድሮ ጀምሮ የያዙ ሰዎች ‹በአሥር ተከፍሏል ብላችሁ ጽፋችሁ ገንዘቡ የት አለ?› እያሉ በየቀኑ ይጣሉናል። አንድ አባት ጆንያ ይዘው መጡ»

«ተሰነጠቀ ብትሉ ምን ነበረበት?»

«የፈረሰ ባንክ መሰለብን»

ለድሮ ባለ አክሲዮን ምን ይጠቅማል ብዬ ጠየቅሁት። አሥር ሺህ ብር የሌለው ሰው በሺህ መግዛት ስለሚችል ለመሸጥ ቀላል ነው አለኝ፤ ለልጆች ለማውረስም፣ በሽርክና ለያዙም ለመለያየት ይመቻል። የያዙት ግን አልጨመረም፣ አልቀነሰም። «ለቆየ ሰው ምንም የተለወጠ የለም» አለ። ይህን ሲል ፊቱን አየሁት። ልጅ ነው፤ ምን ያውቃል?

«እኛ ሳይከፈል እንዲቆይልን ማመልከት አንችልም?» አልኩት።

«አይ፣ የሁሉም ነው የተከፈለው፣ እማማ»

ዝም ብዬ ነው የጠየቅሁት።

አልጋው ሁለት ሰው የሚይዝ ነው። ሁልጊዜ የምንይዘው እሱን ስለሆነ ባለቤቷ ሳትጠይቀኝ ሰጠችኝ።


ታኅሣሥ 9

ትርፉ እንደ አምናው ነው፤ ሁለት ሺህ አምስት መቶ። የፈርሂያን ሺህ አምስት መቶ ሱቋ ድረስ ወሰድኩላት። በየዓመቱ ተቀብላ ሳታይ ጉያዋ የምትከተው ሴት ዛሬ ባንኮኒው ላይ ዘረጋችው። ቆጠረችው። ደግማ ቆጠረችው። ጣቷን በምራቋ እያረጠበች።

«ይኸው ነው?» አለችኝ።

«ይኸው ነው። ምነው?»

«ሌላውስ?»

«የቱ ሌላ?»

ትንሽ አየችኝ። «ተይው» አለች። ከዚያ ለገበያተኛ እንደምትለው «አላህ ይስጥልኝ» አለችኝ። ለእኔ!

ስለ ደብዳቤው ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። ሰው ገባ።

ተናዳለች። ምን አድርጌያት ነው? አብራኝ እስክትሄድ ስላልጠበቅኋት ይሆናል። ወይም ሀናን ስለ ደሴው ነገር ነዝንዛት ይሆናል። እኔ ምንም አላደረግኋትም። ከደብዳቤው በቀር።


ሰኞ፣ ታኅሣሥ 29፣ ገና

ለፈርሂያ ሁልጊዜ አንድ ዶሮ ለብቻው በእስላም አሳርጄ በሌላ ድስት እሠራላታለሁ። ድስቱ የእሷ ነው፤ ከእኔው ዕቃ ጋር አይነካካም፤ ለሃያ ስምንት ዓመት መደርደሪያው ላይ የራሱ ቦታ አለው። ትናንት ከጎረቤት አሳርጄ ሠራሁ። ከጥዋት ጀምሬ ጠበቅኋት። ምሳ አለፈ። አሥር ሰዓት ላይ «ለቅሶ ደርሳ ይሆናል» አልኩ። አሥራ አንድ ላይ ነጠላዬን ለብሼ እስከ ገበያው አፍ ሄድኩ። ሱቋ ክፍት ነበር። ከሩቅ ቆሜ አየሁት፤ ገብቼ መጥራት አቃተኝ። ተመለስኩ።

የእሷን ዶሮ እኔ አልበላው። ለጎረቤቴ ሰጠሁት፤ ደስ አለው። የእኔን ደግሞ ቀመስኩት፤ ጨው አንሶታል። ድስቷን ሳጥብ አለቀስኩ። እንዲህ ብዬ ልጻፈው እንጂ ማን ያየኛል? አለቀስኩ።


ጥር 4

ዛሬ ጉዱን ሰማሁ። ጋሹ ነው። ፋይል አቀብሎኝ አልሄድ አለ። እግሩን ያሻሻል።

«ምን ሆነሃል?»

«እትዬ፣ ሰው የሚለውን ልንገርዎት ወይስ ልተወው?»

«ከጀመርክ አትተወውም»

«ባንኩ ለእትዬ ዓባይነሽ አሥር እጥፍ ከፈላት፣ እሷ ግን ለፈርሂያ የድሮዋን ብቻ ወርውራላት ሌላውን ዋጠችው ይላሉ። ገበያው ሁሉ ነው የሚለው»

ተነስቼ ተቀመጥኩ። «ማነው እንዲህ ያለ? ማን ነው?» ብዬ ጮህኩ። ጋሹ አንገቱን ደፋ። «እርስዎ ራስዎ ነዎት። ‹በአሥር ተከፈለ› ብለው ሲደሰቱ እኔ ደግሞ... ለሚስቴ ብቻ ነው የነገርኩ። እሷ የፈርሂያ ደንበኛ ናት»

ልመታው ነበር። ምኑን ልመታው? ቃሉ ከእኔ አፍ የወጣ ነው። የተቆጠረው ገንዘብ፣ «ሌላውስ?» ያለችው፣ ገናው፣ ሁሉም ይኸው ነው። ፈርሂያ ሌባ ነሽ ብላኛለች፣ በአፏ ሳይሆን በጣቷ። ከኅዳር ጀምሮ እኔ እስክነግራት ስትጠብቅ ነበር። እኔ ደግሞ በየቀኑ ሱቋ እየሄድኩ ስለ ውርጭ ሳወራት!

አሁኑኑ ደብዳቤውን ይዤ እሄዳለሁ።


ጥር 5

አልሄድኩም። ደብዳቤው ሌብነቱን ይፍቅልኛል፤ እሱ እውነት ነው። ግን የጋሹ ማህተም አለበት፦ ገቢ፣ ኅዳር 4። ሁለተኛው አንቀጽም አለበት።

ማህተሙን ብቆርጠውስ? ዳሩ ላይ ነው ያለው። መቀሱን አንስቼ ነበር። አስቀመጥኩት። ሠላሳ ዓመት ማህተም ስጠብቅ ኖሬ!


ጥር 14

ሀናን መሥሪያ ቤት መጣች። ከልጅነቷ ጀምሮ «እትዬ ዓባይ» የምትለኝ ልጅ፣ ፊደል ያስቆጠርኳት ልጅ፣ ዛሬ «ወይዘሮ ዓባይነሽ» አለችኝ።

«ወይዘሮ ዓባይነሽ፣ ከእናቴ ጋር ያላችሁ ውል ካለ ግልባጩን እፈልግ ነበር»

«ውል የለንም፣ ልጄ»

«የለም?» ዙሪያዋን አየች፤ እስከ ጣራ የተደረደረውን የሰው ውል። «እዚህ ተቀምጠው?»

«እናትሽ ናት የላከችሽ?»

«እናቴማ ‹ዓባይ ራሷ ትነግረኛለች፣ ጠብቂ› እያለች ሁለት ወር አስጠበቀችኝ። እኔ ጅዳ ሰባት ዓመት ሠርቼ የሁለት ዓመቱን ደመወዝ የበላኝ ሰው ‹ልጄ› ይለኝ ነበር። ለዚያ ነው ራሴ የመጣሁ»

አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻል ነበር።


ሐሙስ፣ ጥር 16፣ መውሊድ

ከሰባ ሰባት ጀምሮ አልተጠራሁም የምለው መውሊድ ይህ ብቻ ነው። መንዙማው እስከ ግቢዬ ይሰማል። በሩን ዘግቼ ተቀመጥኩ፤ አሁንም ይሰማል።

ማሻ ያሉ ወንድሞቼ የሚያስታውሱኝ ለቅሶ ሲኖር ነው። ሰኔ ላይ መሥሪያ ቤቱም ይሰናበተኛል። ከዚያ በኋላ ጠዋት ተነስቼ ወዴት ነው የምሄደው? እስከ ዛሬ ወደ ፈርሂያ ሱቅ ነበር።

ይበቃል። እሑድ እሄዳለሁ። የመጣው ይምጣ።


እሑድ፣ ጥር 19

ሄድኩ። ሁለቱም ነበሩ። ፈርሂያ ተነስታ ወንበር ሰጠችኝ፤ እንደ እንግዳ። ሳልቀመጥ ደብዳቤውን አውጥቼ ለሀናን ሰጠኋት። «አንቺ አንብቢላት፣ እኔ አላነብም» አልኩ።

ሀናን ማንበብ ጀመረች። «በስምዎ የተመዘገበው አክሲዮን ከጥቅምት 1 ጀምሮ በአሥር ተከፍሏል።» ቆመች። ፈርሂያ «ይኸው! ይኸው!» ብላ ጭኗን መታች። «ቀጥዪ» አልኩ። ሀናን ቀጠለች፤ ድምፅዋ እየቀነሰ መጣ። አንዴ ለራሷ ደግማ አነበበችው። ከዚያ «እማዬ፣ ገንዘብ አልተከፈለም። አክሲዮኑ ነው የተከፋፈለ። ድሮ ስድስት ነበረሽ፣ አሁን ስድሳ ነው፤ ብሩ ግን ያው ስድስት ሺህ ነው» አለች።

«ለማንም አልተከፈለም?»

«ለማንም»

ፈርሂያ ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ሱብሐነላህ! ዓባይዬ! እኔ ቆጠርኩብሽ እኮ! ባንኮኒ ላይ ዘርግቼ ቆጠርኩብሽ! አውፍ በይኝ፣ እታለም፣ አውፍ በይኝ!» ተነስታ አንገቴን ይዛ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ቢያልቅ ኖሮ እዚያ ላይ ነበር ማለቅ የነበረበት። ልቤ «አልቋል፣ ተመስገን» ብሎኝ ነበር።

ሀናን ግን ወረቀቱን አልለቀቀችም። አንባቢ ያደረግኋት እኔው ነኝ። «ማህተሙ ኅዳር 4 ይላል» አለች። «ደግሞ ከዚህ በኋላ ለየብቻ መያዝ ይቻላል ይላል»

ፈርሂያ ከአንገቴ ላይ እጇን አወረደች። ቁጥር ላይ ማንም አይቀድማትም። «ኅዳር 4። ያ ምሳ የበላንበት እሑድ... አይሰነጠቅም ብዬሽ፣ አይደል ዓባይዬ ብዬሽ... ያን ጊዜ ደርሶሽ ነበር?»

«ደርሶኝ ነበር»

«የት ነበር ወረቀቱ?»

«ቦርሳዬ ውስጥ»

«ለምን?»

«እንዳትሄጂብኝ ብዬ ነው።» ሦስት ቃል ነው። አልወጣኝም። «ጊዜ አጣሁ» አልኩ። ሁለት ወር ተኩል ጊዜ አጣሁ! ግድግዳውም አልሰማኝ።

ፈርሂያ ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ያለ ቁጣ፣ «ብትሰርቂኝ እኮ ቸግሯት ነው እል ነበር፤ ቸግሯት ነው ብዬ ዝም ልልሽም ነበር፣ ወላሂ። እኔ ማንበብ አልችልም፣ ዓባይ። የእኔ ዓይን አንቺ ነበርሽ» አለችኝ።

ሀናን እስከ በር ሸኘችኝ።


ጥር 27

ፈርሂያ ጋሹን ላከችብኝ። የካቲት ላይ ደሴ ይገባሉ። አክሲዮኑም በዚያው ይለይ ብላለች። የፈራሁትን ራሴ ጎትቼ አመጣሁት። ኅዳር 5 ብነግራት ኖሮ ትሄድ ነበር? አላውቅም። «አብረን እንያዘው፣ ምን አስቸኮለን» ትል ነበር ይሆናል።

ድስቷን በጋሹ ልልክላት አስቤ ነበር። ተውኩት። ይቀመጥ።


ሰኞ፣ የካቲት 4፣ ደሴ

ሦስታችንም በአንድ አውቶቡስ መጣን። ፈርሂያና ሀናን ከፊት፣ እኔ ሁለት ወንበር ወደ ኋላ። የጣቃ ጨርቆቿ ጣራ ላይ ታስረዋል። አቀስታ ላይ አልወረደችም። ጉጉፍቱ ላይ ግን ዞራ «ብርዱ ገባሽ?» አለችኝ። «አልገባኝም» አልኩ። ገብቶኝ ነበር። እንዲህ ነኝ እኔ።

ባንክ ቤት አድማሴ የማስተላለፊያውን ቅጽ አወጣ። የሚሞላው እኔ ነኝ፤ እንደ ሁልጊዜው። አስተላላፊ፦ ወ/ሮ ዓባይነሽ። ተቀባይ፦ ወ/ሮ ፈርሂያ። ብዛት፦ ስድሳ። ከሥሩ «የአስተላላፊና የተቀባይ ዝምድና» የሚል መስመር አለ። ብዕሬ እዚያ ላይ ቆመ።

«ይህ ምን ይደረጋል?» አልኩት አድማሴን፣ ቀስ ብዬ።

«ዝምድና ካለ በማስረጃ ነው፤ የልደት ወይም የጋብቻ ወረቀት። ከሌለ ‹የለም› ብለው ይሙሉት፣ እማማ»

ማስረጃ የለኝም። ሐሰት ከጻፍኩ ወረቀቱ ይወድቅና እንደገና ትንገላታለች። ሠላሳ ዓመት ሰው ቅጹን አበላሸ ብዬ የምመልስ እኔ ነኝ። ጻፍኩ፦ የለም። «ም» ጠመመችብኝ።

ፈርሂያ አጠገቤ ተቀምጣ ዓይኗ ብዕሬ ላይ ነበር። «እዚህ ላይ ቆየሽ። ምን የሚል ነው?»

«ምን ትሆኚያታለሽ ይላል»

«እና ምን ብለሽ ሞላሽው?»

«እህት» አልኳት።

ወረቀቱን አየችው። እኔን አየችኝ። ድሮ ቢሆን ያልኳትን ተቀብላ ትፈርም ነበር። ዛሬ ግን ወረቀቱን ከፊቴ ስባ ወደ ልጇ ገፋችው። «ሀናን፣ እስቲ አንቺ አንብቢልኝ፤ ምን ይላል?»

መሬቱ ቢከፈት እገባ ነበር። ሀናን ጎንበስ ብላ መስመሩን አየችው። የጠመመችውን «ም» አየቻት። ቀና ብላ ረጅም ጊዜ አየችኝ። እኔ ዓይኔን አልሰበርኩም፤ የምደብቀው አልቆ ነበር።

«እህት ይላል፣ እማዬ» አለች።

«እህት ነው እንጂ፣ ሌላ ምን ሊል ኖሯል?» አለች ፈርሂያ፤ ብዕሩን ከእጄ ወስዳ ስሟን ቀስ ብላ ፈረመች።